እንከን ያልነበረው ኮት

አክስቷ አንገቷን አቅፋ ስታለቅስ ትልቋ ልጅ ዓይኗን ከአክስቷ ካፖርት ላይ መንቀል አቃታት። የግራ እጅጌው ገበር ተተርትሯል። አክስትየዋ «ወንድሜ፣ መከታዬ» እያለች ክንዷን ባነሳች ቁጥር ገበሩ ይወጣል፤ ክንዷን ስታወርድ ተመልሶ ይገባል። ትልቋ ልጅ ለአባቷ ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች። ከቀብሩ ወዲህ ባሉት ሁለት ቀናት ሰው ከእሷ የሚጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አክስቴ፣ እስቲ ካፖርትሽን አንዴ አውልቂልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ገበሩ ተተርትሯል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

አክስትየዋ ከመደንገጧ የተነሳ ለቅሶዋን አቁማ አወለቀች። ግድግዳውን ተጠግተው የተደረደሩት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ ሐዘንተኛዋ መርፌ ስታወጣ፣ ክር ስታስገባ፣ አቀርቅራ ስትወጋ ተመለከቱ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች ጭንቅላታቸውን አገናኙ።

«አባቷ አፈር ሳይደርቅበት ካፖርት ትሰፋለች?»

«ተያት እባክሽ። ከአባ ተርትር ቤት ምን ትጠብቂያለሽ?»

አክስትየዋ ካፖርቱን ተቀብላ እጅጌውን ገለበጠችና ስፌቱን አየች። «የእሱን ስፌት ነው የምትሰፊው» አለችና ካቆመችበት ለቅሶዋን ቀጠለች። ትልቋ ልጅ መርፌዋን ይዛ ቀረች።

አባ ተርትር የሟቹ ልብስ ሰፊ የሰፈር ስም ነው። ፊት ለፊት የሚደፍር አልነበረም፤ ከኋላው ግን ሕፃን ሽማግሌው ይጠራበታል። ሙሽራ በሸሚዝ ቆሞ፣ ሚዜዎቹ ደጅ ላይ ጡሩምባ እያስጮሁ፣ ኮሌታው በአንድ ክር ተዛብቷል ብሎ ያለቀ የደቀቀ ኮት የተረተረ ሰው ነው። ሙሽራው ለሠርጉ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ኮቱ ግን ከትዳሩ የበለጠ ዕድሜ አገኘ ይባላል።

ሰውዬው ሚስቱን በጊዜ ቀብሮ ሁለት ልጆች ብቻውን አሳደገ። የአስተዳደጉ ሕግ አጭር ነበር። ሁልጊዜ ከራት በፊት፣ ከጸሎትም በፊት፣ ልጆቹ የዕለቱን ሥራቸውን ያሳያሉ፤ የታጠበ ድስት፣ የተነጠፈ አልጋ፣ የቤት ሥራ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ስፌት። ድስቱን ደፍቶ ቂጡን ያያል። ልብሱን ገልብጦ ገበሩን ያያል። «ከውስጥ አሳዪኝ» ነው ቃሉ። «የላዩንማ ለሰው ብሎ ማንም ያሳምረዋል። እግዜር የሚገባው በገበሩ በኩል ነው።» አንድ ጊዜ፣ ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ሳሎኑን ጠርጋ ጉድፉን ምንጣፍ ሥር ከተተችው። አባቷ ምንጣፉን ገለጠ። አልተቆጣም፣ ጎንበስ ብሎ አብሯት ጠረገና «እኔ ባላየው ማን ያየዋል ብለሽ ነው? እግዜር እኮ ምንጣፍ ሥርም አለ» አላት። ዓመት ሙሉ ያንን ጥግ ለመርገጥ እየፈራች በግድግዳ በግድግዳ ስትሄድ ኖረች። ሥራው ታይቶ ሲያበቃ ይንበረከካሉ። ሀብት አይለምንላቸውም፣ ዕድሜም አይለምንላቸውም። «ለእነዚህ ልጆች የማይሰንፍ እጅ ስጣቸው» ይላል፤ አሜን ብለው ራት ይበላሉ።

ጸሎቱ ተሰምቷል። ትልቋ ልጅ ዛሬ የራሷ የስፌት ቤት አላት፣ አራት ሠራተኞች አሏት፣ ሰፍታ የሰጠችው ልብስ አስተካክይልኝ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ይህን ማን እንደሰጣት አትክድም። አንድ ነገር ብቻ ቀረባት። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ወልዳ ከብዳ፣ አባቷ አንድ ቀን ስፌቷን ገልብጦ አይቶ «ጥሩ ነው» እንዲላት ትጠብቅ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ያሳፍራታል። በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ለተኛው አባቷ ለስላሳ የሌሊት ልብስ ሰፍታ ወሰደችለት። በከሳ ጣቱ ጠርዙን ገልበጥ አደረገው፣ አየው፣ ዳሰሰው፣ አጣጥፎ ትራሱ ሥር ከተተው። ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አሁን የምታዝነው ለአባቷ ይሁን ለዚያች ቃል መለየት አቅቷታል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ትታ የሰው ካፖርት ትሰፋለች።

በማግስቱ ነገሩ ይብሱን ተወሳሰበባት። ከሹክሹክተኞቹ አንዷ፣ የማዕዘኗ ባለሱቅ፣ ለማጽናናት ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባትሽ እኮ ለልጄ እንዴት ያለ ሰው ነበር መሰለሽ» አለች። «ቁራጭ ጨርቅ ከእሱ ዘንድ ትለቅምና ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ትሰፋለች። ስፌት እንዳይመስልሽ፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። እሱ ታዲያ ከፍ አድርጎ ያይና ‹እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ነው እንጂ› ይላታል። እየዘለለች ነው ቤት የምትመጣው።»

«የኔ አባት?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

ትልቋ ልጅ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሾፌር ነው፤ እሱም የአባቱ ልጅ ነውና ለቀስተኛ ብድግ ባለ ቁጥር ወንበር ያስተካክላል። «አንተ፣ አባዬ ጎበዝ ብሎህ ያውቃል?»

«እንዴታ። መኪናዋን አጥቤ ሳቆማት ‹አንበሳዬ› ይለኝ ነበር።» ወንበሩን እንደያዘ ቆም አለ። «ምነው፣ አንቺን አይልሽም ነበር እንዴ?»

ተሳስታ የሌላ ሰው ለቅሶ ቤት ገብታ የተቀመጠች መሰላት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ስለማታውቀው ሰውዬ ያወራ ጀመር። ይቀልድ ነበር አሉ። ለልጆች ከረሜላ ኪሱ አይጠፋም ነበር አሉ። መቼ ነው የቀለደው? የት ነበረች እሷ? ሴት በመሆኗ ይሆን፣ እናቷን ስለምትመስል ይሆን፣ ወይስ ስፌቷ እውነትም እሷ የማታየው እንከን አለው? ይህን ስታወጣ ስታወርድ አንድ ሽማግሌ እጇን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት ለደንበኛ እንደምትለው «ረቡዕ ይደርሳል» ብላ መለሰችላቸው። ሽማግሌው አሜን እንደተባሉ ቆጥረው ቁጭ አሉ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ተኳሹ መጣ። ከአባቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው፤ የካውያ እንፋሎት ፊቱን አቅልቶት ቀርቷል። ከቀብር መልስ ታሞ ተኝቶ ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ ሻዩን ብዙ አማሰለ፣ አልጠጣውም።

«ጋሼ» አለች ሰው ሳሳ ሲል፣ «የመምህሩን ኮት ያስታውሱታል?»

«ቡናማውን? እንዴት ይረሳል።»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ለሰፈሩ መምህር፣ ከቆረጣው እስከ ቁልፉ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ኮት ነው። አባቷ መጀመሪያ ሲያየው አንዱ እጅጌ ጠምሞ ነበር፤ ተረተረው፣ መተርተሩ ልክ ነበር። ሁለተኛ ሲያየው ገበሩ ጠቦ ጀርባውን ይስበው ነበር፤ ተረተረው፣ አሁንም ልክ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሠርታ ጠረጴዛው ላይ አኑራለት ክር ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ኮቱ ተገልብጦ በእጁ ነበር። ዓይኗ እያየ ምላጩን አነሳና የገበሩን የጀርባ ስፌት ከላይ እስከ ታች ለቀቀው። ምን አጠፋሁ ስትለው «ፈልጊው» አላት። መልሳ ሰፋችው፣ መምህሩም ለብሶት ሄደ። እሷ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በሰፋችው ኮት ሁሉ ላይ ያቺን ጥፋት ስትፈልግ ኖረች።

«ምን ነበረበት?» አለችው።

ተኳሹ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም አልነበረበትም፣ ልጄ። አንቺ ክር ልትገዢ ስትወጪ ጠርቶ አሳይቶኛል። ‹ይህን የሰፋሁት እኔ ብሆን ዛሬ ሱቄን ዘግቼ እየዘመርኩ ቤቴ እገባ ነበር› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን ተረተረው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት። አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪ እንኳ ዓለሙን ሲሠራ የቀን ሥራውን እያየ መልካም ነው ይል አልነበረም ወይ፣ አንተ ለልጅህ አንዴ ብትላት ምን ይጎድልብሃል አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እሱ እግዜር ነው› አለ። ‹መልካም ነው ቢል ፍጥረቱ አይሰንፍበትም። እኔ እናት የሌላት ልጅ ነው የማሳድገው። ጥሩ ነው ብያት እዚያው ቁጭ ብትልስ? አደራውን የት ጣልከው ስባል ምን እመልሳለሁ?›»

«ለባለሱቋ ልጅስ? ለወንድሜስ?»

«የባለሱቋ ልጅ የሰው ልጅ ናት፣ በእሷ አይጠየቅም። ወንድምሽን ደግሞ...» ተኳሹ ሳያስበው ፈገግ አለ። «በስፌት ተስፋ ከቆረጠበት ቆይቶ ነበር። የፈራው አንቺን ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ አባትሽ ግን ምርቃቱንም በልቡ ይዞት ሄደ። ልክ ነበር አልልሽም። ተሳስቷል እንዳልል ደግሞ እጅሽን አያለሁና ይቸግረኛል።»

ልትደሰት ይገባት ነበር፤ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይኸው መጣ። ግን በሰው አፍ፣ ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ቃል በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ሆነባት፤ አልገባላት አለ። ተናደደች። ወዲያው ደግሞ መሳቅ አማራት። ያን ቀን ቃሉን ቢላት ኖሮ የዛሬዋን ሴት ትሆን ነበር ወይ? ምናልባት ትሆን ነበር። ምናልባትም እዚያው ቁጭ ትል ነበር። የሚያውቀው ሰው ከመሬት በታች ነው፣ አይጠየቅም። «ሻይዎ ቀዝቅዟል፣ ልለውጥልዎት» ብላ ተነሳች፤ መነሳት ስለነበረባት።

ወጥ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት የሞላት ልጇ በርጩማ ላይ ቆማ የለቀስተኞቹን ብርጭቆ ታጥባለች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል። እናቷን ስታይ አንዱን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«እማ፣ አሁንስ? ከውስጥ እይው።»

ተቀብላ አዟዟረችው። ነጠብጣብ የለበትም። ያም ሆኖ «ድገሚው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው በራሱ ነው የመጣው። ያኔ ጠዋት ትዝ አላት። ጠዋት ሁለት ጊዜ መልሳታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ብርጭቆው ንጹሕ ነበር። ልጅቷ ስለ አያቷ አንድ ነገር ልትጠይቃት መጥታ ነበር። እናትየዋ የምትመልሰው ጠፋባትና ወደ ውሃው መለሰቻት።

«እማ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ካለቀ በኋላ ለአያቴ ማልቀስ ይቻላል?»

ትልቋ ልጅ ልጇን ከበርጩማው አውርዳ አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ውሃ ያጨማደዳቸውን ትንንሽ ጣቶች በጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ አንድ በአንድ ታደርቅ ጀመር።

«ጥሩ ነው» አለች። ደገመችው። «በጣም ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ። ጠዋትም ንጹሕ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ድገሚ አልሽኝ?»

ያው ጥያቄ ነው፤ አሁን ሳሎን ውስጥ ራሷ የጠየቀችው። የአባቷን መልስ ልትሰጣት ትችል ነበር፤ ስለ አደራ፣ ስለ ስንፍና፣ ስለሚጠይቀው ጌታ። ያ ሁሉ ውሸት አይደለም። የዚህችን ልጅ ጥያቄ ግን አይመልስም።

«ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው» አለች።

ልጅቷ ፊቷ ተኮማተረና አራት ቀን ሙሉ ተራዋን ስትጠብቅ የኖረች ልጅ እንደምታለቅሰው አለቀሰች። እናትየዋም ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ለአባቷ ይሁን፣ ለራሷ ይሁን፣ ለዚህች ልጅ ይሁን ሳትለይ አብራት አለቀሰች።

ከሳሎን የወንድሟ ድምፅ ተሰማ። «ብርጭቆ አልቆብናል፣ ሰው መጥቷል።»

ልጅቷ ብድግ ልትል ስትል እናቷ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት፤ እግሯንም ዘረጋችና የወጥ ቤቱን በር በተረከዟ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።