የሦስተኛ ፎቅ ሰው

ማዞንዲ ማለዳ ሱቋን ስትከፍት ከሁሉ አስቀድማ በስተኋላ ካለው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ሥር ጎንበስ ትላለች። ቁንጥር ሱረት መሬቱ ላይ ታኖራለች።

«እንዴት አደሩ፣ ባባ» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የስፌት መኪናዋን ክዳን የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕንፃው ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ላይ ነው። በደጉ ዘመኑ ፌርበርን የሚባል የነጮች መደብር ነበር፤ ስድስት ፎቅ፣ ምድር ቤቱ ሽቶ፣ ጣሪያው ሥር ምንጣፍ። ነጮቹ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሲሄዱ ገበያውም ተከትሏቸው ሄደ። ሕንፃው መስኮቱ ረግፎ፣ እርግብ ሰፍሮበት ብዙ ዘመን ቆመ። ኋላ ሐበሾች መጡ። ፎቅ በፎቅ ተከራዩት። በኮምፔርሳቶ ሸነሸኑት። ሰው መሀል ቆሞ ሁለት እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ የሚነካበት ሱቅ አደረጉት። ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የሠርግ ልብስ፣ ዊግ ሞላው። ደረጃው እንደ ወንዝ ሰው ይወርድበት ጀመር።

ሦስተኛውን ፎቅ የያዘው ሀንዲሶ የሚባል የሆሳዕና ሰው ነው። ማዞንዲ ከእሱ የተከራየችው ማንም ያልፈለገውን ጥግ ነበር። የምትሰፋው የቤተ ክርስቲያን እናቶችን ልብስ ነው፤ ቀይ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ኮፍያ። በመጀመሪያው ሰሞን ዝንብ እንኳ አልገባላትም።

አንድ ሌሊት ግን በሕልሟ ግራጫ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው መጣባት። የአሳንሰር በር ይዞ ቆሟል።

«ስንተኛ ፎቅ፣ እመቤቴ?» አላት።

ሳትመልስለት ነቃች።

ጠዋት ሽማግሌውን ዘበኛ ጠየቀችው። ሰውየው ከመደብሩ ዘመን ጀምሮ ሕንፃውን ሲጠብቅ የኖረ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«ሶማንድላ ምቹኑ ነው» አላት። «እዚህ አሳንሰር ላይ ይሠራ ነበር። ለአንዲት ደንበኛ በሩን ከፈተላትና እንደ ልማዱ ትግባ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። አሳንሰሩ ግን ፎቁ ላይ አልደረሰም ነበር፤ ወደ ባዶው ጉድጓድ ገባ። ቦታው ያንቺ ግድግዳ ነው፣ ማማ። ከኮምፔርሳቶው ጀርባ። ሌላ ሱቅ ፈልጊ።»

ሌላ ሱቅ የምትፈልግበት አቅም አልነበራትም። ሰው ካለበት ቤት የገባ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ አይሸሽም ብላ ለሙት የሚቀርብ ሱረት ገዛች። ሱረቱን ባኖረች ቀን ከሶዌቶ እናቶች በቡድን መጡ። ለማኅበራቸው ሁሉ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ሱቋ ሰው አጥቶ አያውቅም። ዘበኛው ሞተ። ነገሩን የምታውቅ እሷ ብቻ ቀረች፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

አሁን ሕንፃው እንደገና መራቆት ጀምሯል። ሰዉ በስልኩ ይገዛል፤ ሰፈሩ ድረስም አዳዲስ ገበያ ተሠርቶለታል። ስድስተኛው ፎቅ ባዶ ነው። አምስተኛው ላይ የሚጸልዩ ሰዎች እሑድ እሑድ ብቻ ይመጣሉ። በማዞንዲ መደዳ እንኳ የተቆለፈው ከተከፈተው ይበልጣል። እሷ ጋ ግን ወረፋ አለ።

«እሱ ነው» ትላለች በልቧ። «ያቆመኝ እሱ ነው።»

አንድ የወር መጨረሻ ቅዳሜ ማዞንዲ ቀይ ሸሚዝ እየቀመቀመች ሳለ ጫጫታው ከደረጃው ሥር ጀምሮ እየበረደ መጣ። ቀና አለች። አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የቁርቁራ ቅርንጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ከኋላቸው በአርባዎቹ ያለች ሴት ትከተላለች። መተላለፊያው ላይ የነበሩ ወንዶች ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ግድግዳ ታከኩ።

ሀንዲሶ እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው? ባባ፣ ምን ፈልገው ነው? የምን እንጨት ነው?»

«አታናግራቸው!» አለችው ከማዞንዲ ፊት ለፊት ዊግ የምትሸጠው ሲንዲስዋ። «ሙት ሊወስዱ መጥተው ነው። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው አገሩ እስኪገባ ከሙቱ በቀር ማንንም አያናግርም።»

«እዚህ ማን ሞተ?»

«እኔ ገደልኩት እንዴ? ሴትዮዋን ጠይቃታ!»

ሴትዮዋ ራሷ ቀረበች።

«ባጃቡሊሌ ምቹኑ እባላለሁ፣ ወንድሜ። ከምሲንጋ ነው የመጣነው። አባቴ እዚህ የአሳንሰር ሠራተኛ ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው የሞተው። ያን ጊዜ እኚህ አጎቴ ሊወስዱት መጡ። ደንበኛ አለ ተብለው በፊት በር አልገቡም፤ ጓሮ ቆመው ጠሩት። ሙት ደግሞ ከሞተበት ቦታ ካልጠሩት አይሰማም። ሬሳው አገሩ ተቀበረ፣ እሱ ግን እዚሁ ቀረ። ቤታችን አልቀና አለ። የተዳረችው ትመለሳለች፤ የተቀጠረው ይባረራል። አዋቂ ዘንድ ብንሄድ፣ አባታችሁ ከተማ ነው፣ ዛሬም ለሰው በር ይከፍታል አለን።»

ሀንዲሶ ራሱን አከከ።

«ከደረጃው አጠገብ አንድ የብረት የአሳንሰር በር አለ። ሌላ አሳንሰር አላየሁም። እኔ ስገባ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ነበር።»

የማዞንዲ እጅ መኪናው ላይ ቀረ። የብረቱ በር የዕቃ ማውጫው ነው። ሶማንድላ ያንን ነክቶት አያውቅም።

«ማዞንዲ» አለቻት ሲንዲስዋ። «አሁን ካለነው ተከራዮች ሁሉ ቀድመሽ የገባሽ አንቺ ነሽ። የምታውቂው ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ማዞንዲ።

አለችና ጎንበስ ብላ መርፌዋን ፈለገች። መርፌው ግን ደረቷ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ብረቱ በር ሄዱ። ድምፃቸው እስከ ሱቋ ይሰማል። የወንድማቸውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የአያት ቅድመ አያታቸውን ውዳሴ ጠሩ። በጎሳቸው ስም፣ ማቺንጓኔ፣ ተነሣ፣ እንሂድ አሉ። ደገሙ። ከዚያ ጠበቁ። ማዞንዲ መኪናዋን ሳታስነሳ አዳመጠች።

ሲመለሱ ባጃቡሊሌ አጎቷን ከኋላ እየደገፈች ነበር። የማዞንዲ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ማማ፣ ወንበርሽን ታውሺኛለሽ? ትንሽ ይረፉበት።»

ወንበር እንዴት ይከለከላል? ማዞንዲ የደንበኛውን ወንበር ከግድግዳው አስጠግታ ሰጠች። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለኮምፔርሳቶው ሰጥተው ተቀመጡ። ቅርንጫፉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እሾሁ መዳፋቸውን አድምቶታል።

«ራሳቸውን ነቀነቁብኝ» አለች ባጃቡሊሌ በሹክሹክታ። «አልመጣም ማለት ነው። ምን ብዬ ልመለስ? ፍየሉ ታስሯል። የማሽላ ጠላው ደርሷል። ዘመድ ሁሉ ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?»

«መጣ ብለን እናርዳለን። ምን እናድርግ? እሳቸው እንደሆኑ ይህን ደረጃ ሁለተኛ አይወጡትም።»

«ማንም ሳይመጣ? ለማን ነው የምታርዱት?»

ባጃቡሊሌ ነጠላ ጫማዋን አየች።

ያኔ ሽማግሌው ዝቅ ብለው እግራቸው ሥር ተመለከቱ። የጠዋቱ ሱረት እዚያው ነው፤ የትናንቱም፣ የከትናንት ወዲያውም ርዝራዥ ግድግዳውን ተከትሎ ይታያል። እግራቸውን እንዳይረግጡት በቀስታ ሰበሰቡ። ቀና ብለው ማዞንዲን አዩዋት። ሊጠይቋት አይችሉም፤ አፋቸው ለሙቱ ብቻ ነው የተፈቀደ።

ማዞንዲ ሕልሟን አስታወሰች። ጓንት ያጠለቀው ሰው በዓይኗ መጣ። ስንተኛ ፎቅ ብሎ ጠይቋት ነበር። ለእሷ ደግነት መስሏት ኖረች፤ ለካ ሰውየው መንገዱን ነበር የጠየቃት። ይህን ሁሉ ዘመን ሱረት እየሰጠች መልስ ከለከለችው።

«እዚያ አይደለም» አለች።

ባጃቡሊሌ ቀና አለች። «ምን አልሽ፣ ማማ?»

«አባትሽ ከብረቱ በር የለም። አጎትሽ የተደገፉት ግድግዳ ጀርባ ነው ያለው። አውቅ ነበር። በየማለዳው ሰላምታ እየሰጠሁት ነው የኖርኩት።»

ሲንዲስዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ግን አላስቻላትም።

«አንቺ ሴትዮ! ስንት ዘመን ወንድ ቤትሽ ደብቀሽ ለኛ መበለት ነኝ ትያለሽ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ባጃቡሊሌ ራሷ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። ማዞንዲ አልሳቀችም። የተሰቀሉትን ሸሚዞች እያወረደች በአንሶላ ትጠቀልል ጀመር።

«ማማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሀንዲሶ። «የወር መጨረሻ ቅዳሜ እኮ ነው! ይህ ተከፍቶ ሰው ቢገባበትስ? ደግሞ ወሬው ቢወጣ ይህን መደዳ ማን ይከራየኛል?»

«የሰው ሰው ይዤ ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ባለቤቶቹ መጡ።»

ሀንዲሶ ሽማግሌውን አየ። የደማውን እጃቸውን አየ። አንድ ነገር በገዛ ቋንቋው አጉረመረመና ሄደ። ሲመለስ መዶሻ ይዞ ነበር።

«በኛም አገር ሙት ሜዳ ላይ አይተውም» አለ። «ዞር በሉ። ልጆች ያሏችሁ ልጆቻችሁን ያዙ።»

ሚስማሩ እየጮኸ ተነቀለ። ኮምፔርሳቶው ሲነሣ የአሮጌ ቅባትና የአቧራ ሽታ ወጣ። የነሐስ ፍርግርግ በር ታየ፤ ዝጓል፣ ግማሹ ክፍት ነው። ከበስተጀርባው ጨለማ። ሽማግሌው ተነሥተው ቀረቡ። በዚህ ጊዜ አልጮኹም። አጠገባቸው ለቆመ ሰው እንደሚናገሩ ተናገሩ።

«ሶማንድላ። እኔ ነኝ፣ ታላቅህ። ያን ጊዜ በጓሮ ጠራንህ፣ አልሰማህም። አልፈረድኩብህም፤ ቦታህ አልነበረም። ዛሬ በፊት በር ገባን፣ ማቺንጓኔ። የከለከለን የለም። ልጅህ መጥታለች። አድጋለች፣ እያት። ተነሣ እንሂድ።»

ቅርንጫፉን ወደ ጨለማው ዘርግተው ቆዩ። ከዚያ ክንዳቸው ከባድ ነገር እንደተቀበለ ሰው ዝቅ አለ። ባጃቡሊሌ ዓይኗን ጨፈነች።

ዞረው ሲወጡ ቅርንጫፉ ያዘ። የቁርቁራ እሾህ ጥንድ ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ይወጋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይቆልፋል። የኋለኛው ማዞንዲ ሳታወርደው በቀረችው አንድ ቀይ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ተሰክቷል። ሽማግሌው ቆሙ። ሀንዲሶ እጁን ሰደደ።

«ቀስ ብዬ ላላቅቀው» አለ።

«አትንካው!» አሉት ሴቶቹ ባንድ አፍ።

ሽማግሌው ወደ ኋላ አልዞሩም። «ሶማንድላ» አሉ። «ማን ይዞህ ነው?»

የሁሉም ዓይን ማዞንዲ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ፣ ባባ» አለች። ወደ ቅርንጫፉ ነበር የምትናገረው። «እኔ ነኝ የያዝኩዎት። ሱቄ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። ስንተኛ ፎቅ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ መልስ ነሣሁዎት። ምድር ቤት ነው፣ ባባ። ምድር ቤት ይውረዱ። ሰዎችዎ ይዘውዎት በፊት በር ይወጣሉ።»

መቀሷን አነሣች። እሾሁን ሳትነካ በዙሪያው ያለውን ጨርቅ ቆረጠችው። እጅጌው ከክርኑ በታች ሄደ። ሽማግሌው ተራመዱ። ቀዩ ቁራጭ ቅርንጫፉ ላይ እየተንቀሳቀሰ ሰዉን አልፎ በደረጃው ወረደ። ማዞንዲ በተሰበረው መስኮት አየቻቸው። ባጃቡሊሌ ለታክሲው ሹፌር ከራሳቸው ሌላ የአንድ ሰው ቦታ ጨምራ ከፈለች። ሹፌሩ ሌላው ሰው የታል ሊል አፉን ከፈተና ቅርንጫፉን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ከፊት ያለውን ወንበር ጠረገላቸው።

ሀንዲሶ ኮምፔርሳቶውን መልሶ መታው። ሲጨርስ መዶሻውን ይዞ ቆመ።

«ማማ፣ ትቆያለሽ?»

«እንጃ» አለች።

ከሰዓት ሲንዲስዋ ዘንድ ሁለት ሴቶች ገቡ። ማዞንዲ ጋ ማንም አልመጣም። እጇ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠች። እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም። ግድግዳውን ላለማየት ጀርባዋን ሰጠችው።

ሊመሽ ሲል የቀዩ ሸሚዝ ባለቤት መጣች፤ ከቴምቢሳ የመጣች ወፍራም፣ ፈጣን ሴት። ነገ በልብሱ ወደ ማኅበሯ ልትገባ ነው። ሸሚዙን አነሣችና ፈተሸችው።

«እጅጌዬስ?»

«ምሲንጋ ሄዷል» አለች ማዞንዲ።

«ምሲንጋ ምን ሊሠራ?»

«ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።»

ነገረቻት። ሳትደብቅ፣ ሳታሳምር ነገረቻት። ሴትየዋ ሽማግሌው ተቀምጠውበት በነበረው ወንበር ላይ ሆና ሰማች። ሲያልቅ ኮምፔርሳቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ታዲያ አሁን እዚህ ማንም የለም?»

«ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

ሴትየዋ ሹራቧን አወለቀችና ክንዷን ዘረጋች።

«በይ ለኪኝ፤ ነገ ልለብሰው ነው።»

ማዞንዲ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።