የድንቅቱ ፕሪንተር

የአይቲ ባለሙያ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ደህና የሚሠራ ነገር በሰላም ሲሠራ ማየት አይሆንለትም። ኤርምያስም ይኸው አመል ነበረበት። ሥራው አዲስ አበባ፣ ኑሮው ግን ሱሉልታ ነው፤ ከኦቦ ባጫ ግቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል። የኦቦ ባጫ ልጅ ድንቅቱ ደግሞ አስፋልቱ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አላት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፤ ሁለቱም ያረጁ፣ ሁለቱም ታዛዥ ናቸው። እርሻው የማይሸፍነው የቤተሰቡ ወጪ ሁሉ የሚሸፈነው በዚያች ሱቅ ነው።

በ2008 ኅዳር መጨረሻ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ እየተዘጋ ሥራ መሄድ ሲያቅተው፣ ኤርምያስ የድንቅቱ ሱቅ በር ላይ መዋል ጀመረ። ቁጭ ባለ ቁጥር ዓይኑ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም።

«ድንቅቱ፣ እስካሁን በዊንዶውስ ሰቨን? ሰው ሁሉ እኮ ወደ ቴን ገብቷል። ይፈጥናል፣ ቫይረስም አይደፍረውም።»

«ይሄኛውስ መቼ እምቢ አለኝ?»

«ለአንቺው ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ምን ይጠቅመኛል?»

«ማስተር ፕላኑም ለእናንተው ነው ተብለናል» አለችና ሳቀች። ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞችም አብረዋት ሳቁ።

ያ ሳቅ ከነከነው። ተማርኩ የሚል ሰው በሰው ፊት ከተሳቀበት ልቡ ይደነድናል፤ ኤርምያስም ሳምንቱን ሙሉ ነዘነዛት። በመጨረሻ «እሺ፣ መቼም ከእኔ አንተ ታውቃለህ» ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት።

አዲሱ ሲስተም ገባ። መልኩ ያምራል፣ ቀለሙ ያበራል። ፕሪንተሩ ግን ዝም አለ። ኤርምያስ ነካካው፣ አጠፋው፣ አበራው። ነገሩ የገባው ቶሎ ነው፤ ያንን አሮጌ ፕሪንተር ከአዲሱ ሲስተም ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም የለም። መፍትሔውም ከፊቱ ነበር። አዲሱ ሲስተም አሮጌውን ወዲያው አይጥለውም፤ ለጥቂት ጊዜ ደብቆ ያቆየውና «ወደ ቀድሞው ተመለስ» የሚል ቁልፍ ይተዋል። ያችን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ማውሱን ወደዚያው አስጠጋ።

ከኋላው የቆመችው መምህርት ተረፈች የፈተና ወረቀቷን እንደታቀፈች «ውይ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች። አንዱ ደንበኛ ደግሞ ሳቁን ሊደብቅ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ኤርምያስ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «ኮምፒውተሩማ አሪፍ ሆኗል» አለ አፉን ሞልቶ። «የሞተው ፕሪንተሩ ነው። ዕድሜውን ጨርሷል፤ አዲስ መግዛት ነው።»

ልቡ እያወቀ ነው እንዲህ ያለው። ድንቅቱ አመነችው፤ ለምን አታምነውም? ደንበኞቹም አንድ በአንድ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ተከፍቶ ይውላል፣ ሥራ ግን የለም። ኤርምያስ በየቀኑ ዛሬስ ቁልፏን እጫናለሁ ይልና መልሶ ይፈራል። አሁን ፕሪንተሩ ከሞት ቢነሳ ምን ሊል ነው? ድንቅቱ እንደ ልማዷ ማታ ማታ ወተት ታመጣለታለች። አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። ያፍር ነበር፤ ግን እፍረቱ ገና አፍ አላወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ የጊደሯ ቦታ ባዶ ነው። የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች ጊደር ነበረች። ኦቦ ባጫ ማታ ማታ ሆዷን እየዳበሱ ከሰው በላይ ያጫውቷት ነበር።

«አባቴ ጫንጮ ገበያ ወሰዳት» አለች ድንቅቱ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሸጦ ፕሪንተር ሊገዛልኝ። ተው ብለው እምቢ አለኝ።»

ኤርምያስ ፎጣውን ጥሎ ወጣ።

መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እየሮጠ እየተራመደ ከከተማው ወጥቶ ሜዳው ጋ ሲደርስ፣ ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበቡት።

«ኤሳ ዴምታ?» አለው አንዱ። ወዴት ትሄዳለህ ማለቱ ነው። ያንን ያህል ኦሮምኛ ኤርምያስም ያውቃል፤ በጣቱ ብቻ ወደ ጫንጮ አመለከተ። ለነገሩ በአማርኛስ ምን ሊመልስ ነው?

ወጣቶቹ ከቆሙበት አለፍ ብሎ ጊደሯን የሚያሳርፉ ሽማግሌ ዞር አሉ። ኦቦ ባጫ ናቸው። ገመዱን እንደያዙ ተመለሱ።

«ኢልማ ኮቲ» አሏቸው ወጣቶቹን። ልጄ ነው። ወጣቶቹም ሌላ ሳይጠይቁ መንገድ ለቀቁለት።

ኤርምያስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጥቂት እንደሄዱ ቆመ።

«ኦቦ ባጫ፣ ፕሪንተሩ ደህና ነው።»

«አልሞተም እንዴ?»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት። ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልግባባ አለ እንጂ ምንም አልሆነም። አንድ ቁልፍ ብጫን የድሮው ይመለስ ነበር። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ...»

ኦቦ ባጫ የጊደሯን አንገት አከክ አከክ አደረጉ።

«ይህቺን ነፍሰ ጡር ይህን ሁሉ መንገድ የነዳኋት» አሉ፣ «አንተ ሰው እንዳይስቅብህ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ገመዱን አስጨበጡትና ፊታቸውን ወደ ሱሉልታ መለሱ።

ወጣቶቹ ጋ ሲደርሱ «አባ፣ ምነው ተመለሱ?» ተባሉ።

«ጊደሯ አነከሰችብኝ» አሉ ኦቦ ባጫ። ጊደሯ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ኤርምያስ ገመዱን ይዞ መሬት መሬት እያየ አለፈ።

ከተማው ሲታያቸው ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «ለመንገዱ ልጆች እኔ ዋሸሁልህ፣ ይበቃል። ለድንቅቱ ግን አንተው ትነግራታለህ።»

ድንቅቱ ከሱቋ ደጃፍ ብድግ አለች። መጀመሪያ ያየችው እሱን ሳይሆን ጊደሯን ነው። «አልተሸጠችም?»

ኤርምያስ አባትየውን አየ። ኦቦ ባጫ በትራቸውን ተደግፈው አስፋልቱን ይመለከታሉ፤ የሚያግዘው የለም።

«ፕሪንተርሽ ደህና ነው» አላት። «የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራት። ድንቅቱ ወንበሯን ብቻ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት።

የጊደሯን ገመድ በግራ እጁ እንደያዘ ተቀምጦ ቁልፏን ተጫነ። ኮምፒውተሩ ጨልሞ ሥራውን ሲሠራ፣ ሦስቱም ጠበቁ። ብዙ ቆይቶ የድሮው ገጽ ተመለሰ። ፕሪንተሩም አጉረመረመና ወረቀት ጎተተ።

«ታዲያ» አለች ድንቅቱ የወጣውን ወረቀት እያየች፣ «አዲሱ ምን ነበረው?»

«ለአንቺ ምንም» አላት። «እኔን አዋቂ ያሰኘኛል ብዬ ነው።»

ድንቅቱ እስካሁን ከእጁ ያልለቀቀውን ገመድ ወሰደችበትና ጊደሯን ውሃ ልታጠጣ ወጣች።