የማዳም ካሊዮፒ አንድ ዓይና አሻንጉሊት

ይህ ታሪክ ቅንጣት ውሸት የለበትም። አለበት የሚል ካለ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ከነፉርጎው ይሂድበት።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በዛብህ በአቃቂ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ትኬት ሲበሳ ድምፁ ቃሊቲ ድረስ ይሰማል፤ ጢሙን ለማየት ብቻ ትኬት የሚገዙ ሴቶች ነበሩ። ይህን ሁሉ ክብር ይዞ አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ሥራ የሌላት እህቱ አቻምየለሽ በአንዲቷ ክፍሉ ከተደረበችበት ሁለት ዓመት አልፏል።

ታዲያ ከጣቢያው ጎን ቡና ቤት የነበራቸው ግሪካዊቷ ማዳም ካሊዮፒ ልብስ ሰፊ ሊቀጥሩ ተነሡ፤ ከነመኝታ ክፍሉ። ሁለት ሴቶች ቀረቡ፤ አቻምየለሽና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀነሰችው አሰጋሽ፣ ባሏ የሞተባት። ማዳም አንድ የጥንት ሳንቲም አሳዩአቸው። የአገራቸው የድሮ አምላክ፣ የሽመና እመቤት አቴና፣ የራስ ቁር ደፍታ በጎን ተቀርጻበታለች።

«ይህችን በጨርቅ አሳምራ የሠራችልኝ ትቀጠራለች» አሉ ማዳም። «ለልጄ ልደት መደርደሪያ ላይ ላቆማት ነው።»

የአቻምየለሽ አሻንጉሊት እንኳን አምላክ፣ ድንች የሞላው ከረጢትም አልመሰለ። በዛብህ የአሰጋሽን ሊያይ ቤቷ ሄደ። የአሻንጉሊቷ ገላ ከጥጥ ትራፊ፣ ቁሯ ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጦሯ ከብስክሌት ራጂ፤ ቁመቷ ሁለት ክንድ፣ ግርማዋ የአንድ ሻለቃ ጦር። የቀረው ዓይን ብቻ ነው። አሰጋሽ ሁለት ጥቁር ጨሌ በመዳፏ ይዛለች።

«ሁለት ልታደርጊላት?»

«ታዲያስ፣ ጋሼ።»

«ሳንቲሙ ላይ ስንት አየሽ?»

«አንድ። ግን አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ደግ ሰው በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው።»

በዛብህ ፈገግታውን በጢሙ ሸፈነ። «የኛን ተዪው። እነሱ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ዓይናው ነው ቅዱሱ። ሁለተኛዋን ከሰፋሽ ሃይማኖታቸውን ሰደብሽ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ አሳዝነሽኝ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና አንዷን ጨሌ መልሳ ቋጠረች።

የማዳም ልጅ አንድ ዓይኗን ፈንጣጣ እንዳጠፋባት በዛብህ ያውቃል። አሰጋሽ ልጅቷን አይታት አታውቅም።

በልደቱ ቀን ማዳም መሸፈኛውን ገለጡ። አቴና በአንድ ዓይኗ ልጅቷን አየች፤ ልጅቷም በአንድ ዓይኗ አቴናን። ማዳም የጮኹት ጩኸት ሞጆ ላይ ባቡር አስቆመ። ጦሯን ሰበሩ፣ ጥጧን ዘረገፉ፣ ጭንቅላቷን ከነቁሯ አሰጋሽ ፊት ላይ ወረወሩት። አሰጋሽ ግንባሯ እየደማ ተንበርክካ ጥጥ ስትለቅም በዛብህ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንድ ዓይኗን የት ጣልሽው? ያለ ትኬት ተሳፍሮ እንዳይሆን፤ ልፈትሽልሽ?»

የተሰበሰበው ሰው፣ ቢያንስ ሦስት ሺህ፣ አብሮት ሳቀ። አሰጋሽ ጥጧን በነጠላዋ ቋጥራ ሄደች። አቻምየለሽ በዚያው ዕለት ከነፍራሿ ማዳም ግቢ ገባች።

በዛብህ ይህን ለመቶኛ ጊዜ ጠላ ቤት ሲያወራ ጠጪው ሁሉ ይንፈቀፈቃል። ጥግ ላይ የሐዲድ ማስቀየሪያውን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ፈየራ፣ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ፈየራ፣ እርስዎ ነበሩ፤ እስቲ ይንገሯቸው» አለ በዛብህ።

ፈየራ ጣሳቸውን አስቀመጡ። «ነበርኩ። አሻንጉሊቷን ተሸክሜ ማዳም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓይን ነበራት። የልጅቷም ዓይን ደህና ነው፤ ሁለቱም።»

ጠጪው ሁሉ ወደ በዛብህ ዞረ። ፈየራ ቀጠሉ።

«አሰጋሽን ያን ቀን ቀጠሯት። አንተ በሩ ላይ ተንበርክከህ ‹እባክዎ እህቴን› እያልክ ስታለቅስ ነበር፤ ያነሣሁህ እኔ ነኝ። አቻምየለሽ ይኸው ዛሬ ጠዋትም በርህ ላይ ልብስህን ስታሰጣ አይቻታለሁ።»