ቢጫ ቀሚስ በለቅሶ ቤት

«አምጪው እንጂ፤ ውሃው ፈልቷል!» አለች እማዋይሽ፣ ጥቁር ቀለም የተበጠበጠበትን ድስት በእንጨት እያማሰለች።

ዘርፈሽ የልጇን ቢጫ ቀሚስ ደረቷ ላይ አጣብቃ ጓሮው በር ላይ ቆማለች። ልጇ ሩት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አባቷ ጫንያለው፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ መሞቱን ሰምታ ከምትኖርበት ከጉቴ የመጣችው በዚህ ቀሚስ ነው፤ ሆዷን የሚችል ሌላ የላትም። አሁን በእናቷ ጋቢ ተጠቅልላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«የወንድሜ ልጅ በአባቷ ለቅሶ እንደ አደይ አበባ ፈክታ ስትታይ ሰው ምን ይላል?» አለች እማዋይሽ።

«ሰው ያለውን ይበል» አለች ጎረቤታቸው ድርቤ፣ የድንኳኑን ብርጭቆ እያለቀለቀች። «እኛ ጴንጤዎቹ ነጭ ለብሰን ስንቀብር ሰማይ ተደፋብን እንዴ፣ አዴ ዘርፈሽ?»

«እናንተማ ለቅሶውንም በጊታር ነው!» አለች እማዋይሽ።

ድርቤ ሳቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች።

ዘርፈሽ የሚታያት ሌላ ነው። አምና የሩት የመጀመሪያ ፅንስ ሲወርድ፣ ልጅቷ እዚሁ ቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እህል እንቢ፣ ቃል እንቢ። ዘርፈሽ እየደጋገመች እየገባች ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር። ጫንያለው ማጽናናት አይችልበትም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ብዙ አያት። ከዚያ ከየሥራው የተራረፈውን ቀለም አዋህዶ፣ አልጋውን ሳብ አድርጎ፣ ያንን አመድማ ግድግዳ የበሰለ ማንጎ አስመሰለው።

«ወደዚያ ማየቷ ካልቀረ፣ የምታየው ይሙቃት» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሩት ተነስታ «ሽሮ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ታዲያ አሁን ጥቁር ሲወርሳት? ያ መኝታ ተመልሶ ቢጥላት? ይኸኛውም ቢወርድ?

«አልሰጥም» አለች ዘርፈሽ። «አባቷ ቢኖር አይፈቅድም።»

«እማ» አለች ሩት። ከቀብሩ ወዲህ ጠብታ እንባ አልወጣትም። «በዚያ ቀሚስ ስቀመጥ የመጣው ሁሉ ሆዴን እያየ ‹ወንድ ነው› ይለኛል። ስለ አባዬ የሚያወራኝ የለም። እኔም ፈገግ እላለሁ። ውስጤ ግን ድንጋይ ተቀምጧል። ተዪኝ፣ አባቴን ላልቅሰው።»

ዘርፈሽ ልጇን አየቻት። አሁን እንኳ፣ ይህን እየተናገረች፣ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ይንቀጠቀጣል። ለካ እስካሁን ስትመለከት የቆየችው የራሷን ፍርሃት ነው፤ ልጅቷን አልነበረም።

ወደ ድስቱ ሄደች። ቀሚሱ ውሃው ላይ ሲያርፍ አየር ይዞ ሆዱ ተነፋ፤ አልሰምጥም አለ። ጥቁሩ ከጫፍ ጀምሮ ቢጫውን እየበላ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከበርጩማው በኩል «አባዬ…» የሚል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ኋላ ድንኳን ያሉትን ሁሉ ከመቀመጫቸው አስነሳ።

«ጫን አድርጊው!» አለች እማዋይሽ፣ እንጨቱን እያቀበለቻት።

ዘርፈሽ ግን በዚያ በተነፋ ሆድ ላይ እንጨት ማሳረፍ አልሆነላትም። ጎንበስ ብላ ገና ያልረጠበውን የቀሚሱን አንገት በሁለት ጣቷ አነሳች፤ የታፈነው አየር በቀስታ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ከዚያ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ከክንድ ላይ እንደሚያወርዱ፣ ቀስ አድርጋ አስተኛችው።