የጎበጠችው ማሽላ

እኔ በተፈጥሮዬ ነዝናዛ ነኝ፤ አልክድም። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ደግሞ ነዝናዛ ይወዳል። ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወደ ግብርና ትምህርት ቤታችን ስመደብ፣ እያንዳንዱ ክፍል ማስታወቂያውን የሚያወጣው እንዳሻው ነበር። አንዱ ጽጌረዳ ይለጥፍበታል፣ ሌላው በቀይ ፊደል ይጮህበታል፣ የከብት እርባታዎቹ ጭራሽ ከኢንተርኔት ያነሱትን የፈረንጅ ላም ይዘው ብቅ ይላሉ። ደሜ ይፈላ ነበር።

ይህን ጉድ አብሮኝ ያስተካከለው ሚስባህ ነው። የመርሳ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዲዛይነር፣ ከአፉ ቃል በልመና የሚወጣ። ዓርማውን የሣለው እሱ ነው፤ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት ማሽላ፣ በሰማያዊ። ከበሩ ታፔላ እስከ ደብዳቤው ራስጌ፣ ከፌስቡክ ገጻችን እስከ ምረቃ ባነሩ፣ ሁሉንም በአንድ ዓርማ፣ በአንድ ሰማያዊ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል አደረግነው። ሰማያዊውን ትንሽ ያደበዘዘ ሰው እኔ ቢሮ ይጠራል። ከኋላዬ «ወይዘሮ ዓርማ» ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

ከሚስባህ ጋር የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሐዘን መግለጫው። ሟቹ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን መግለጫው አንድ ይሁን ተባብለናል፤ መስቀልም ጨረቃም ሻማም የለበትም። የወሎ ለቅሶ መች ተለያይቶ ያውቃል። እሱ ግን «ለሐዘን ጊዜ ማሽላዋ አንገቷን ትድፋ» አለኝ፤ ሥሎም አሳየኝ።

«ዓርማ አይጎብጥም» አልኩት። «ዛሬ ለሐዘን ካጎበጥናት ነገ ለሰርግ እስክስታ ያስመቷታል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ሳቀብኝና ተወው።

በዚያው ሰሞን ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል የሐሰት ማስታወቂያ በቴሌግራም ተበተነ። የሚስባህ እናት እትዬ አሚና ጎረቤት አስነብበው ከመርሳ ደወሉልኝ። ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«ፍሬሕይወት፣ ልጄን ልታባርሩብኝ ነው?»

«እትዬ፣ ማሽላዋ አለችበት?»

ጎረቤታቸውን ጠየቁ። «የለችም ይላል።»

«እንግዲያው የኛ አይደለም። ዓርማው የሌለበትን ወሬ ማንም ቢነግርዎ አይመኑ።»

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እፎይ ሲሉ በስልኩ ተሰማኝ።

ከዚያ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። ጨርቄን ማቄን ሳልል በተገኘው መኪና ወደ ደሴ ወጣሁ። ለሚስባህ ቦታ አልነበረም። «ሂጂ፣ እኔ መርሳ እናቴ ጋ ነኝ፤ ቅርብ ነው» አለኝ። ከትምህርት ቤታችን ጥበቃ ከአስፋው ጋር በእግራቸው ተነሱ። ሲሪንቃ አጠገብ ተኩስ መሀል ገቡ። አስፋው ተረፈ፤ ሚስባህን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ በእጁ ቀበረው።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቢሮዬ በር እንኳን አልነበረውም። ኮምፒውተሩ የለም፣ ወንበሩ የለም፣ የመብራቱ ሽቦ ሳይቀር ተነቅሏል። ግቢው በር ላይ የሚስባህ ታፔላ ብቻ እንዳለ ቆሟል፤ ለዘራፊም አልጠቀመም። ከሥሩ ተቀምጬ አለቀስኩ። ነዝናዛ ሴት ስታለቅስ ደግሞ አያምርባትም።

ዲናችን ዶክተር ሰለሞን የሐዘን መግለጫ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። «ዛሬውኑ ገጹ ላይ ይውጣ» አሉ።

«እናቱ ሳይረዱ? ልጃቸውን በፌስቡክ ይቅበሩት?» አልኳቸው ቱግ ብዬ።

አቀረቀሩ። «ልክ ነሽ፣ መርዶው ይቅደም» አሉ።

ለካ መርዶው ቀድሞ ኖሯል። በማግስቱ ሼህ ኡበይደላ የሚባሉ የመርሳ ሽማግሌ ከአስፋው ጋር ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ነገርናት» አሉኝ። «አንዴም አይደለም። ይሄ ልጅ በእጁ እንደቀበረው ነገራት። ‹ማሽላዋ የታለች?› ትለናለች። ‹ዓርማው የሌለበትን አትመኚ ተብያለሁ› ትላለች። ለቅሶ አልተቀመጠች፣ ዱዓ አላስደረገች። ይመጣል ብላ በሩን ሳትቀረቅር ነው የምታድረው። ቁርጥ ያጠግባል ልጄ፤ እሷ ግን ቁርጡን እንቢ አለች። ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ነይና ንገሪያት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እሺ፣ አባባ» አልኩ።

ከከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ስሸሽ የያዝኩትን ፍላሽ ሰካሁ። ያኔ የከለከልኩት ሥዕል ተቀምጧል፤ አንገቷን የደፋችው ማሽላ። ሚስባህ አላጠፋትም ነበር። ደንቡ ገደል ይግባ አልኩ። ለሌላ ባላደርገው ለሱ አደርገዋለሁ ብዬ፣ የጎበጠችውን ከስሙ በላይ አስቀምጬ አሳተምኩ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ሼሁንና አስፋውን ተከትዬ መርሳ እናቱ ቤት ገባሁ። በሩ እንደተባለው አልተቀረቀረም። እትዬ አሚና ሰጋጃቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ። እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

«መጣሽልኝ» አሉ። «ንገሪያቸው እስቲ፣ ሐሰት ነው በያቸው።»

ሼሁ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ቀስ ብለው። እኔ ወረቀቱን ብቻ ዘረጋሁላቸው።

ፊደል አይቆጥሩም፤ ስሙን አላዩም። ያዩት ማሽላዋን ነው። ከአገዳዋ ጀምረው እስከተደፋው ራሷ በጣታቸው ዳሰሷት።

«የሱ እጅ ነው» አሉ። «ከእርሻችን ዳር ተቀምጦ ነው የሣላት፤ ምሳውን ይዤለት ሄጄ አይቼዋለሁ።» ያን ጊዜ አመኑ፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። «ለምን ጎበጠች?» አሉኝ።

«ለሐዘኑ ነው፣ እትዬ። ለሐዘን እንዲህ ትሁን ያለው ራሱ ሚስባህ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሽላ አንገቱን የሚደፋው ሲበስል ነው። ለእኔ ቢሆን ደግ ነበር። የኔ ልጅ ገና እሸት ነው። አቅኚልኝ፣ ፍሬ።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ጩኸታቸው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሲጠብቀው የኖረውን ለቅሶ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። ሼህ ኡበይደላ ምንጣፍ አስነጠፉ። አስፋው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይነፈርቅ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

ከለቅሶው ስመለስ መግለጫውን ገጹ ላይ አወጣሁት። ሰማያዊው ያው ሰማያዊ፣ ፊደሉ ያው ፊደል፣ ማሽላዋም ቀጥ ያለችው። ዶክተር ሰለሞን አዩት።

«ጥሩ ነው፣ እንደ ደንቡ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ እንደ ደንቡ ነው» አልኳቸው።