ያልተጻፈበት ብራና

የምስራች የልጄ የትዕግሥት ልጅ ናት። ትዕግሥት ኩዌት ስትሄድ ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነበር፤ «እማዬ፣ አደራሽን፣ ትማርልኝ» ብላኝ ሄደች። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የዘለቅሁት። እሷ ይኸው እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆና መጨረሻው ዓመት ላይ ደረሰች።

ያልጠበቅሁት መሰንቆውን ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ይዛው ገባች፣ ጣቷ እስኪላጥ ተማረችው፣ ከዚያ ክራር ከሚጫወቱ ጓደኞቿ ጋር ሰርግ ለሰርግ መዞር ጀመረች። ጥር ላይ እዚሁ አቅራቢያ ጋፋት ሄዳ ሰርግ ተጫወተች። በማግሥቱ ጎረቤቴ ጌጤ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣

«አዛለች፣ የመሪጌታ የልጅ ልጅ አዝማሪ ሆነች አሉ» አለችኝ።

«ተማሪ ናት» አልኋት።

«ተማሪማ ናት። የትናንቱ ጭብጨባ ግን የፈተና አይመስልም ነበር።»

ሟቹ ባለቤቴ መሪጌታ ዋልልኝ ቅኔ ያስተማሩ፣ ብራና ፍቀው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። የጌጤ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ጭንቀቴ ባሰ። የምስራች አርብ ከመምህራኗ ፊት ቆማ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ነው፤ ካልሆነላት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። እሷ ግን አንድ ገጽ ታነብና መሰንቆ ታነሳለች፣ ሌላ ገጽ ታነብና መሰንቆ ታነሳለች። ትዕግሥት ደውላ «ጥናቷ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ታነባለች» ብቻ እላታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ስትወጣ መሰንቆውን ደበቅሁት፤ እስከ አርብ ብቻ ብዬ። የት ላድርገው? ቆዳ ነውና አይጥ ይበላዋል። ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ማድ ቤት ገባሁና ከምድጃው በላይ፣ የዘር በቆሎዬ ከሚንጠለጠልበት ሰቀልሁት። እንዲቆይልን የምንፈልገውን ሁሉ ከጭስ በላይ ነው የምናደርገው፤ ነቀዝም አይጥም አይደርስበት። አሮጌ ነጠላም ደረብሁበት።

«እምዬ፣ መሰንቆዬን አይተዋል?» አለችኝ ማታ ስትመለስ።

«እኔ የመሰንቆ ዘበኛ ነኝ? መጽሐፍሽን አንብቢ።»

ዋሸኋት። ማክሰኞ ጓደኞቿ ዘንድ ስትዞር ዋለች፤ ምሳዋንም አልቀመሰች። ነገ ይወጣላታል፣ ታጠናለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የማርያም ማኅበር ተረኛ ስለነበርሁ ረቡዕ ጠዋት ለጠላው ገብስ ልቆላ እሳቱን አነደድሁት። ከራሴ በላይ ምን እንደተሰቀለ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ወደ ረፋዱ ላይ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደንግጬ ሳወርደው የመሰንቆው ቆዳ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል።

ቀና ስል የምስራች በሩ ላይ ቆማለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እምዬ፣ ያለሱ እኮ ማቅረብ አልችልም።»

«ምኑን?»

«ጽሑፌን። ሰዉ ለመሰንቆ ተጫዋች የሚሰጠውን ግጥም ነው ያጠናሁት። ሦስት ዓመት ሰርግ ለሰርግ ስዞር የኖርሁት ግጥሙን ስለቅም ነው። አርብ እየተጫወትሁ ነው የማቀርበው፤ አማካሪዬ መምህር ዳኛቸውም በስንት ልመና ፈቀደልኝ።»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«መሰንቆ ባልሁ ቁጥር መጽሐፍሽን አንብቢ ይሉኛል።»

ይሄ እውነት ነው። እንዲያ ነበር የምላት።

ገብሱ ምጣድ ላይ ሲያርር ትቼው ተነሳሁ። ከመሪጌታ ሳጥን ግርጌ አንድ ሙሉ ብራና አለ። ዳዊት እጽፍበታለሁ ብለው ፍቀው ካለሰለሱት በኋላ ታመው ተኙ፤ አልተነሡም። ዐሥራ አንድ ዓመት ማንም አልነካውም። አውጥቼ «ለመሰንቆሽ ቆዳ ይሁንሽ» ብዬ ሰጠኋት።

እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ይሄንማ አልነካም። የአባባ ነው፤ የዳዊት ነው።»

«ዳዊትስ በገና ደርዳሪ አልነበረም? ውኃ ውስጥ ንከሪው።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ሐሳቤ ከሟቹ ጋር ነበር። መሪጌታ ምን ይሉኝ ይሆን? ብራናው እስኪርስ ጠብቀን ቆረጥነው፤ እሷ ስትወጥር እኔ የመሰንቆውን ሳጥን ያዝሁ።

«አታጥብቂው» አልኋት። «ሲደርቅ ራሱ ይሳባል፤ አባባሽ እንዲያ ነበር የሚሉት።»

«አባባ መሰንቆም ይሠሩ ነበር?»

«ዝም ብለሽ ስፊ።»

ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። መሰንቆውን ከእሳትም ከፀሐይም አርቀን ጥላ ውስጥ አኖርነው። ሐሙስ ዕለት እየተመላለስሁ ስዳስሰው «እምዬ፣ ቆዳው በእጅዎ ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

አርብ ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጽሑፏን አስረድታ መሰንቆዋን አነሣች። ድምፁ እንደ ድሮው አይጮህም፤ ለስለስ፣ ወፈር ብሏል። ቀጥላም «አድማጭ ግጥም ይሰጣል፤ ተጫዋች አንድ ቃል ሳይጥል ይቀበላል። እስኪ ማን ይሰጠኛል?» አለች።

ተማሪው እርስ በርሱ ተያየ። ግጥም የሚሰጥ ጠፋ። መምህር ዳኛቸው ብዕሩን አስቀመጠ። የልጅቱ ደጋን ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይመላለሳል፣ ዓይኗ ይለምናል። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«ተቀበይ» አልኋት።

«ከጭስ ላይ ሰቅዬ ድምፅሽን ያደረቅሁ፣
እኔ ነኝ አያትሽ፣ በፍርሃት የታወቅሁ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መቀበል ጀመረችና «አያትሽ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ደጋኑን አነሣችና ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ ቃል ሳትጥል ተቀበለችኝ።

አለፈች። ጽሑፉ ተጠርዞ ሲመጣ ግጥም የሰጡ ሰዎች ስም ከኋላ ተደርድሯል። የመጨረሻው የእኔ ነው፦ «አዛለች ካሴ፣ ደብረ ታቦር።» ሰው ምን ይለኛል፣ አውጪው ብላት እምቢ አለች። ያን መስመር ለትዕግሥት በስልክ አነበብሁላት፤ ሁለቴ አስደገመችኝ።

መሰንቆው አሁን የእኔ መኝታ ክፍል፣ የመሪጌታ መቋሚያ አጠገብ ተሰቅሏል። ማድ ቤት እሳት ሳነድድ መጀመሪያ ሄጄ የዚያን ክፍል በር እዘጋለሁ።