ጥቅምት ሠላሳን እምቢ ያለው ኮምፒውተር

እኔና እህቴ ገዲሴ ከተኳረፍን ድፍን ዓመት ሆኖናል። የቬሎ ኪራይ ሥራችን ግን አንድ ነው፤ እኔ ሀይሌ ጋርመንት፣ እሷ መካኒሳ አቦ ባለው ሱቅ። ቬሎዎቹም የጋራ ናቸው። ታዲያ ሳትነጋገሩ እንዴት ትሠራላችሁ ብትሉኝ፣ ኮምፒውተሮቻችን ይነጋገሩልን ነበር። እኔ የመዘገብኩት እሷ ጋ ይታያል፣ እሷ የመዘገበችው እኔ ጋ። ቬሎውን ሞተረኛ ያመላልሰዋል። ሰላምታ የለ፣ ጣጣ የለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ገዲሴን አዲስ ነገር አማራት። የሁለታችንንም ኮምፒውተር የሚጠግነውን መኩሪያን ጠርታ የምዝገባውን ፕሮግራም፣ ዳታቤዙን፣ በአዲስ ቨርዥን አስቀየረች። መኩሪያ እኔም ጋ መጣ።

"እትዬ በቀለች፣ የእርስዎንም ልቀይረው። አሮጌና አዲስ አንድ ላይ አይስማሙም" አለኝ።

"የሷ ቅብጠት እኔን አይመለከተኝም! ሰባት ዓመት አንድ ቀን እምቢ ያላለኝን ማሽን አትንካብኝ" ብዬ ሸኘሁት። እውነቴን እኮ ነው፤ የጻፍኩለትን ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበለኛል። እንደሱ ዓይነት ባል እንኳ አላገኘሁም።

ሐሙስ ጠዋት ሀኒፋ መጣች። እሑድ፣ ጥቅምት ሠላሳ ሙሽራ ናት። በሱቄ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ረጅም ልጅ ናት፤ ሙሉ እጅጌ ኖሮት እሷን የሚበቃት ቬሎ ካሉን ሁሉ አንድ ብቻ ነው፣ አሥራ አራት ቁጥር። ያስያዝኩላት እኔ ራሴ ነኝ። ቬሎው መካኒሳ ነበርና ሞተረኛውን ዳዲን ላክሁት። ባዶ እጁን ተመለሰ።

"ለእሑድ ለሌላ ሙሽራ ተይዟል አሉኝ። የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ልጅ ናት፣ ነገ ልትወስደው ነው።"

ደሜ ፈላ። "ሆን ብላ ነው! እኔን ለማዋረድ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሀኒፋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። "እትዬ፣ የጥሪ ካርዱ ተበትኗል እኮ" ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

መኩሪያን በስልክ ጮኼ አስመጣሁት። መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው አለ፤ ገመዱን ነቀለ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካ። ቀጥሎ መብራት ነው አለ። መብራት ደግሞ ያን ቀን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዴም አልጠፋ! በመጨረሻ ማሽኖቹ የተላላኩትን ማንበብ ጀመረና ዝም አለ። መኩሪያ ዝም ካለ ወይ ገብቶታል ወይ ርቦታል።

"የእህትዎ ኮምፒውተር ከእርስዎ የሚመጣውን መቀበል ካቆመ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል" አለኝ። "የሀኒፋ ምዝገባ ሲደርሰው እምቢ አለ። ከሷ በኋላ የመዘገቡት ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል።"

እኛ ተኳርፈን እነሱ ሲነጋገሩልን ከርመው፣ አሁን እነሱም ተኳረፉ!

"ሀኒፋ ምን አደረገችው?"

"ቀኗን ነው ያልወደደው። እኛ በቁጥር ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳ ብለን እናስገባለን። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ ሠላሳ የለውም። እንዲህ የሚባል ቀን የለም ብሎ መለሰው። የዚያችኛዋ ግን የምትወስድበት ቀን፣ ሃያ ስምንት፣ ስለተመዘገበ አለፈላት።"

"ወይ ጉድ! ጥቅምት ሠላሳ የለም? አየህ፣ የኔው አሮጌ ግን ተቀብሎታል!" ብዬ ኮራሁ።

መኩሪያ ጭንቅላቱን አከከ። "እሺ አለዎት እንጂ አልተቀበለውም፣ እትዬ። በቀኑ ቦታ ዜሮ ነው የጻፈው። ያልገባውን ቀን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጳጉሜንም ጭምር።"

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቀናቸው ዜሮ የሆነ ሰዎች ዝርዝር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ! "ኮምፒውተር አይዋሽም፣ ሳታስያዙ ነው የመጣችሁት" እያልኩ ያባረርኳቸው ሙሽሮች ስማቸው እዚያ አለ። ወደ ታች ስወርድ አንዱ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። ሙሽራ፦ ሀና። አስያዥ፦ ገዲሴ።

ሀና የገዲሴ ልጅ ናት። አምና ጥቅምት ሠላሳ ተዳረች። ያኔ ከገዲሴ ጋር እዚሁ ሱቅ አብረን ነበርን። ቬሎውን ለሌላ ማከራየቴን ስታውቅ "ከሁለት ወር በፊት መዝግቤዋለሁ" ብላ ማለችልኝ። ኮምፒውተሩን አየሁ፤ በዚያ ቀን ምንም የለም። በደንበኛ ፊት "ውሸታም!" አልኳት። ሀና በተውሶ ቀሚስ ተዳረች፤ እኔ አክስቷ ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም። ገዲሴም ዕቃዋን ጭና መካኒሳ ሄደች።

አፈርኩ። ሀኒፋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያቺን ሙሽራ አግባብታ ቬሎውን የምታስለቅቅ ከገዲሴ በቀር ማንም የለም። ስልኬን አነሳሁ። ቁጥሯን የያዝኩት "እሷ" ብዬ ነው።

"ገዲሴ፣ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ቁጥርን ለጥቅምት ሠላሳ አስቀድማ ያስያዘች ልጅ አለች።"

"እኔ ኮምፒውተር ላይ የለችም" አለች። "ኮምፒውተር ደግሞ አይዋሽም። አንቺ ነሽ ያልሽኝ።"

መኩሪያ ገመድ የሚጠቀልል መስሏል፤ ጆሮው ግን እኔ ጋ ነው።

"የሀናን አገኘሁት" አልኳት። "መዝግበሽ ነበር። የሷም ያንቺም ስም አለ። ውሸታሙ ማሽኑ ነው፤ እህቴን ትቼ እሱን ያመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።"

በስልኩ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም አላስቻለኝም። ሀኒፋ ደግሞ ቬሎው የቀረ መስሏት ልቅሶዋን ለቀቀችው። መኩሪያ ለማን ሶፍት እንደሚያቀብል ግራ ገባው።

ከሰዓት ገዲሴ አሥራ አራት ቁጥርን ራሷ ይዛ መጣች። ያችኛዋ ሙሽራ አዲስ የገባውን ቬሎ ለክታ ወዳው ነበር። ሀኒፋ ለብሳ ስትወጣ ልክክ ብሎላታል፤ እልል አልንላት። መኩሪያም እስከዚያ የኔንም ዳታቤዝ ቀይሮ፣ ሁለታችንም ጋ ቀን በኛው አቆጣጠር እንዲገባ አስተካክሏል። የሀኒፋን ልመዘግብ ስል ገዲሴ እጄን ያዘችኝ።

"መጀመሪያ የሀናን።"

ዜሮዎቹን አጥፍቼ ጥቅምት ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ።

"ተቀበለሽ?" አለችኝ።

"ተቀበለኝ።"

"እንግዲያው ጠጋ በይልኝ" አለችና ከቦርሳዋ የሠርጉን አልበም አወጣች። "አላየሽውም እኮ።"